ስሙን ከማንበብ በፊት መንኮራኩሩን መቍጠር
የአምሳያ ባቡሮችን ዋና ስለ ማወቅ የተጻፈ አጭር ጥናት

ባለፈው ዓመት በኮሌጃችን በተደረገው የተማሪዎች ኤግዚቢሽን ላይ፣ ከቆርቆሮ የተሠራች፣ በሞላ የምትሄድ አንዲት አሮጌ ሎኮሞቲቭ አቅርበን ነበር። ሎኮሞቲቭ የምንለው ፉርጎዎቹን የሚጎትተውን የእንፋሎት መኪና ነው። ቀይ ቀለም ተቀብታለች፤ በአካሏ ላይም በእንግሊዝኛ «ሮያል ስኮት» የሚል ስምና 6100 የሚል ቍጥር ተጽፎባታል። እኛም ስለዚህ ስም ያገኘነውን ሁሉ ሰብስበን «በ1927 የተሠራው የሮያል ስኮት ትክክለኛ አምሳያ» የሚል ካርድ ጻፍንና ከፊቷ አቆምነው።

በሦስተኛው ቀን አንድ መምህራችን ካርዱን አንብበው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «መንኮራኩሮቿን ቈጥራችኋል ወይ?» ሲሉ ጠየቁን። ቈጥረን ነበርና «አዎን፤ ዐሥር ናቸው፤ የዋናውም ዐሥር ነበሩ» ብለን በኩራት መለስን። «ከዐሥሩ ትላልቆቹ ስንት ናቸው?» ብለው ሲጨምሩ ግን የምንለው አጣን። ጐንበስ ብለን ብናይ የእኛዋ ትላልቅ መንኮራኩሮች አራት ብቻ ነበሩ፤ የእውነተኛው ሮያል ስኮት ግን ስድስት ናቸው።

ካርዱን በዚያው ሰዓት አነሣነው። ነገር ግን በሦስቱ ቀን ያነበቡትንና አምነው የሄዱትን ጐብኚዎች መልሰን ልናገኛቸው አልቻልንም። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ በአንድ በኩል የዚያ ካርድ እርማት ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ አንድ አምሳያ ባቡር የየትኛው እውነተኛ ባቡር አምሳያ እንደ ሆነ በምን መንገድ ሊታወቅ እንደሚችል ለማስረዳት የቀረበ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ ስለምን ያስፈልጋል?

አንዳንዱ አንባቢ «የልጆች መጫወቻ ስሙ ቢሳሳት ምን ይጐዳል?» ሊል ይችላል። መልሱ ከራሱ ከሮያል ስኮት ታሪክ ይገኛል። በዚህ ስም የሚጠራው የሎኮሞቲቭ ዓይነት ለለንደን፣ ሚድላንድና ስኮትላንድ ምድር ባቡር የተሠራ ነው። በ1927 ሃምሳ በግላስጎው ከተማ፣ በ1930 ደግሞ ሃያ በደርቢ ስለ ተሠሩ ጠቅላላ ድምራቸው 70 ሆነ። ከ1943 እስከ 1955 ባለው ጊዜ ግን ሰባዎቹም በየተራ ወደ ፋብሪካ እየገቡ ታደሱ፤ ቦይለራቸውም በሌላ ዓይነት ተተካ። ዛሬ ከእነርሱ የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም የታደሱት ናቸው። ስለዚህ በ1927 ከፋብሪካ በወጣበት መልኩ ያለ ሮያል ስኮት በዓለም ላይ አንድም የለም።

እንዲህ በሆነ ጊዜ የቀድሞውን መልክ የሚነግሩን ሥዕሎች፣ ፎቶግራፎችና አምሳያዎች ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ ዙሪያውን እየዞሩ ሊያዩት የሚቻለው አምሳያው ብቻ ነው። በመልካም የተሠራ አምሳያ እንደ አንድ የታሪክ ሰነድ ሊቈጠር ይገባዋል። ሰነድ ከሆነ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሰነድ ሊመረመር ያስፈልጋል፤ ሳይመረመር የተለጠፈ ካርድ የሌለውን ነገር እንደ ነበረ አድርጎ ያስተምራልና።

፩. የመንኮራኩሮቹ አቀማመጥ

የሎኮሞቲቭ መንኮራኩሮች ሦስት ወገን ናቸው። ከፊት ያሉት ትንንሾቹ መንገድ መሪዎች ናቸው፤ በማጠፊያ ላይ ሎኮሞቲቩ ሐዲዱን እንዲከተል ይረዱታል። በመካከል ያሉት ትላልቆቹ የእንፋሎቱን ኀይል ተቀብለው የሚጐትቱት ናቸው። ከኋላ ያሉት ትንንሾቹ ደግሞ የእሳት ምድጃውንና የነጂውን ክፍል ክብደት ይሸከማሉ። ፍሬድሪክ ኋይት የተባለ የአሜሪካ መሐንዲስ ባወጣው አጻጻፍ እነዚህ በሦስት ቍጥሮች ይገለጻሉ። 4-6-2 ቢባል አራት መሪ፣ ስድስት ጐታች፣ ሁለት ኋለኛ መንኮራኩሮች አሉት ማለት ነው። ፈረንሳዮች የሚቈጥሩት መንኮራኩሩን ሳይሆን አክሱን ስለሆነ ያንኑ ሎኮሞቲቭ 231 ብለው ይጽፉታል። ከፈረንሳይ የመጣ አምሳያ የሚመረምር ሰው ይህን ካላስታወሰ ይሳሳታል።

ሮያል ስኮት 4-6-0 ነው፤ የእኛዋ ግን 4-4-2 ናት። ሁለቱም ሲደመሩ ዐሥር ይሆናሉ፤ ያሳሳተንም ይኸው ነው። ድምሩ አንድ ሆኖ ሳለ አቀማመጡ ግን ሁለት የተለያዩ መኪናዎችን ያመለክታል። እንግዲህ መቍጠር ብቻ አይበቃም፤ ለይቶ መቍጠር ያስፈልጋል።

ታዲያ ሠሪው እንዴት እንዲህ ያለ ስሕተት ሠራ? ነገሩን ስንመረምር ስሕተት ሳይሆን ታስቦበት የተደረገ መሆኑን ተረዳን። አምሳያዋን የሠራው በሊቨርፑል የነበረው የሆርንቢ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው በ1926 በፈረንሳይ የኖር ምድር ባቡር መልክ አንድ 4-4-2 አወጣ። በሚከተለው ዓመት በ1927 ያንኑ አቀማመጥ ይዞ በእንግሊዝ ዝነኛ ሎኮሞቲቮች ስም ይሸጥ ጀመር። አንዱን ፍላይንግ ስኮትስማን፣ አንዱን ሮያል ስኮት፣ አንዱን ካርፊሊ ካስል አለው፤ ጥቂት ቈይቶም ሎርድ ኔልሰን የሚባል ጨመረ። ከእውነተኞቹ ውስጥ ፍላይንግ ስኮትስማን 4-6-2 ነው፤ ሦስቱ ደግሞ 4-6-0 ናቸው። ከአራቱ 4-4-2 የሆነ አንድም የለም!

ምክንያቱ የመጫወቻው ሐዲድ ነው። ልጆች በክፍል ወለል ላይ የሚዘረጉት ሐዲድ የማጠፊያው ራዲየስ ሁለት ጫማ፣ ማለት 61 ሳንቲሜትር ያህል ነበር። ሦስት ጐታች አክስ በተርታ ያለው ረጅም መኪና በዚህ ጠባብ ማጠፊያ ላይ በቀላሉ አይዞርም፤ ሁለት ጐታች አክስ ያለው ግን ይዞራል። ለዚህም ማስረጃው ፋብሪካው በ1937 ፕሪንሰስ ኤልሳቤጥ የተባለውን ሎኮሞቲቭ በትክክለኛው 4-6-2 አቀማመጥ ሲሠራ ራዲየሱ ሦስት ጫማ የሆነ አዲስ ሐዲድ አብሮ ማውጣቱ ነው። ከዚህ የምንማረው፣ አምሳያ ከዋናው በተለየ ጊዜ «ተሳስቷል» ብሎ ከመፍረድ በፊት «ምን አስገደደው?» ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ ነው።

ከዚህም ያነሱ አምሳያዎች አሉ። አራት መንኮራኩር ብቻ ያላቸው፣ አካላቸው አንድ ሆኖ ቀለማቸው እየተለወጠ ለአራቱም ታላላቅ የእንግሊዝ ምድር ባቡሮች የተሸጡ የሆርንቢ መጫወቻዎች ነበሩ። ለእንደዚህ ያሉት ዋናቸውን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። «ዋና የለውም» የሚለውም መልስ ትክክለኛ መልስ መሆኑን ተመራማሪው ማወቅ አለበት።

፪. ልክ

አቀማመጡ ከታወቀ በኋላ የሚከተለው ልኬት ነው። የእንግሊዝ «ኦ» የሚባለው የአምሳያ ልክ ለአንድ ጫማ ሰባት ሚሊሜትር ይሰጣል፤ ይኸውም አምሳያው ከዋናው 43 ተኩል ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። የሮያል ስኮት ጐታች መንኮራኩር ዲያሜትር 6 ጫማ ከ9 ኢንች፣ ወደ 2.06 ሜትር ነው። ለ43 ተኩል ሲካፈል 47 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ልክ የተሠራ ነው የተባለ ሮያል ስኮት ቀርቦልን መንኮራኩሩ 40 ሚሊሜትር ብቻ ቢሆን፣ ወይ ልኩ ወይ ስሙ ልክ አይደለም ማለት ነው።

ከሐዲዱ ስፋት ተነሥቶ የማስላቱ ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአብዛኛው የአውሮፓና የአሜሪካ ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊሜትር ነው። ከዋናው 87 ጊዜ በሚያንሰው ልክ ይህ 16.5 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ሒሳቡም ይገጥማል። እንግሊዞች ግን ሎኮሞቲቮቻቸው ከሌሎቹ አገሮች ስለሚያንሱ፣ በዚያ ልክ ቢሠሯቸው ሞተሩ በውስጣቸው አልገባ አለ። ስለዚህ ሐዲዱን 16.5 ሚሊሜትር እንደ ሆነ ትተው አካሉን 76 ጊዜ ብቻ አሳነሱት። ይህን የማያውቅ ሰው ሐዲዱን ለክቶ በ76 ቢያባዛ ዋናው ሐዲድ 1.25 ሜትር ስፋት ነበረው ወደሚል የሐሰት መደምደሚያ ይደርሳል።

የዋናውም ሐዲድ ቢሆን በየአገሩ አንድ አይደለም። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲው ባቡር ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። የዚያን ባቡር አምሳያ 87 ጊዜ አሳንሶ የሚሠራ ሰው ከ11 እስከ 12 ሚሊሜትር የሆነ ሐዲድ ያስፈልገዋል። ያንን አምሳያ በ16.5 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ ቆሞ ብናገኘው ሠሪው ለሌላ አገር ባቡር የተዘጋጀ መሠረት እንደ ተጠቀመ መጠርጠር ይገባናል።

ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ንጽጽር ነው። ልኩ ባይታወቅም እንኳ የአንዱን ጐታች መንኮራኩር ዲያሜትር በመጀመሪያውና በመጨረሻው ጐታች አክስ መካከል ካለው ርቀት ጋር ብናስተያይ የሚገኘው ድርሻ በአምሳያውም በዋናውም አንድ መሆን አለበት። ልክ ቢለዋወጥ ድርሻ አይለወጥምና።

፫. ቦይለር፣ ምድጃና የሚንቀሳቀሱ ብረቶች

መንኮራኩራቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ሎኮሞቲቮች ብዙ ናቸው። ካርፊሊ ካስልና ሮያል ስኮት ሁለቱም 4-6-0 ናቸው። እንዴት ይለያሉ?

መጀመሪያ በጎናቸው ያሉትን ብረቶች መመልከት ነው። በሮያል ስኮት ላይ፣ ከመንኮራኩሮቹ ውጭ፣ ቤልጂጋዊው ኤጊድ ቫልስካርት የፈለሰፈው የእንፋሎት ማስገቢያና ማስወጫ መቈጣጠሪያ ይታያል፤ ይኸውም ከትልቁ ዘንግ በላይ የሚወዛወዙ ቀጫጭን ብረቶች ናቸው። በካርፊሊ ካስል ግን ይህ መሣሪያ በሁለቱ ጎኖች መካከል ተሰውሮ ስላለ ከውጭ የሚታዩት ዋናዎቹ ዘንጎች ብቻ ናቸው።

ቀጥሎ የቦይለሩን ጀርባ መመልከት ነው። በካርፊሊ ካስል ላይ እንደ ጕልላት ብቅ ያለ የእንፋሎት መሰብሰቢያ የለም፤ የጭስ ማውጫውም አፍ በመዳብ የተከበበ ነው። ፍላይንግ ስኮትስማን ግን ጕልላት አለው። በመጨረሻም የእሳት ምድጃው ነው። የፍላይንግ ስኮትስማን ምድጃ አናቱ እንደ ቦይለሩ ክብ ነው፤ የሌሎቹ የሦስቱ ግን ቤልፔር በሚባለው አሠራር ትከሻው አራት ማዕዘን ነው። ይህ የትከሻ ቅርጽ ከሩቅ እንኳ የሚታይ ስለሆነ ጥሩ መለያ ነው።

ከውጭ የማይታወቅ ነገር መኖሩንም መርሳት አይገባም። ሮያል ስኮት ሦስት ሲሊንደሮች ነበሩት፤ ሦስተኛው ግን በመካከል ተደብቆ የሚሠራ ነው። አምሳያው ሁለት ብቻ ቢያሳይ ይህ በራሱ በሠሪው ላይ የሚያስፈርድ አይሆንም።

፬. ዘመኑ

የሎኮሞቲቭ ዕድሜ ረጅም ነው፤ በዕድሜውም ውስጥ መልኩ ይለዋወጣል። ስለዚህ «የማን አምሳያ ነው?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «የየትኛው ዘመን መልኩ ነው?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ አለ።

በ1931 ሌይተን በዛርድ በተባለው ስፍራ አንዱ የሮያል ስኮት ዓይነት ሎኮሞቲቭ ከሐዲድ ወጣ። ዝቅ ብሎ የሚተኛው ጭስ የነጂውን ዓይን ሳይጋርድ አልቀረም ተብሎ ስለ ታሰበ፣ ከዚያ በኋላ ከጭስ ማውጫው ግራና ቀኝ ጭሱን ወደ ላይ የሚገፉ ሰፋፊ ሳሕኖች ተደረጉላቸው። ስለዚህ እነዚህ ሳሕኖች ያሉበት አምሳያ በ1927 የነበረውን መልክ ያሳያል ሊባል አይችልም። ቍጥሩም ቢሆን ዘመን ይናገራል። በ1948 የእንግሊዝ ምድር ባቡሮች የመንግሥት ሀብት ሲሆኑ በዚህ ምድር ባቡር ቍጥሮች ላይ 40,000 ስለ ተጨመረ 6100 የነበረው 46100 ሆኗል።

ለዚህ ክፍል ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ከአሜሪካ የተገኘ ነው። ላዮኔል የተባለው ፋብሪካ በ1937 የኒውዮርክ ሴንትራል ምድር ባቡርን 4-6-4 ሎኮሞቲቭ 48 ጊዜ አሳንሶ እጅግ በጥንቃቄ ሠራ፤ በ75 ዶላርም ሸጠው። ቍጥሩ 5344 ነው። መንኮራኩሩም፣ ልኩም፣ ብረቶቹም የእውነተኛው ናቸው። ነገር ግን በ1931 የተሠራው እውነተኛው 5344 በታኅሣሥ 1934 ነፋስ እንዲያሳልፍ ተብሎ ሙሉ የብረት ልባስ ለብሶ «ኮሞዶር ቫንደርቢልት» ተብሎ ነበር። አምሳያው በየሱቁ ሲሸጥ ዋናው ከነልባሱ በሐዲድ ላይ ይሮጥ ነበር። ስለዚህ በአምሳያው ላይ የምናየው የ1937ን ሳይሆን ከ1931 እስከ 1934 የነበረውን 5344 ነው። አምሳያው የተሸጠበትን ዓመት የዋናው መልክ ዓመት አድርጎ የሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ ይሰናከላል። የዚያ ምድር ባቡር 4-6-4 ሎኮሞቲቮች በሙሉ ለቍርጥራጭ ብረት ስለ ተሸጡ ደግሞ ወደ ዋናው ሄዶ ማረጋገጥ አይቻልም።

፭. ስምና ቍጥር

ስምንና ቍጥርን ወደ መጨረሻ ያቈየነው ስለ ናቅናቸው አይደለም፤ ከሁሉ ቀድመው ስለሚያሳምኑ ነው። ቀለምና ጽሕፈት በፋብሪካ ውስጥ ከሁሉ ቀላሉ ሥራ ነው፤ መንኮራኩር መጨመር ግን ሐዲዱን እስከ መለወጥ ያደርሳል። ስለዚህ አምሳያው በስሙ ሊያታልል የሚችለውን ያህል በአጥንቱ ሊያታልል አይችልም።

ይህም በአምሳያ ብቻ የሚሆን አይምሰለን። በ1933 በሺካጎ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ሮያል ስኮት እንዲታይ በተፈለገ ጊዜ፣ ምድር ባቡሩ በ1927 የተሠራውን 6100 ሳይሆን በ1930 በደርቢ የተሠራውን 6152 መረጠ። የሁለቱን ስምና ቍጥር አለዋወጠና 6152ን «ሮያል ስኮት፣ 6100» አድርጎ ወደ አሜሪካ ላከው። ከጉዞው ሲመለስም የቀድሞ ስማቸው አልተመለሰላቸውም። እንግዲህ ዛሬ በሕይወት ያለው ሮያል ስኮት በትውልዱ 6152 ነው። በዋናው ላይ እንኳ ስሙ ብቻውን ምስክር ካልሆነ፣ በቆርቆሮ ላይ የታተመውን ስም እንዴት አድርገን ያለ ሌላ ማስረጃ እንቀበለዋለን?

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተባለውን በአጭሩ ለመሰብሰብ፣ አምሳያ ባቡር የሚመረምር ሰው መጀመሪያ መንኮራኩሮቹን ለይቶ ይቍጠር፤ ሁለተኛ ይለካ፣ ያስተያይም፤ ሦስተኛ ምድጃውን፣ ቦይለሩንና ብረቶቹን ይመልከት፤ አራተኛ መልኩ የየትኛው ዘመን እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ ስሙንና ቍጥሩን ግን ከሁሉ በኋላ ያንብብ። አምስቱ ከተስማሙ ዋናው ተገኝቷል። ካልተስማሙ አለመስማማታቸው ራሱ የሚጻፍ ነገር ነው፤ ደብቆ ማለፍ አይገባም።

በዚህ መንገድ የእኛዋን እንደ ገና መርምረን አዲስ ካርድ ጽፈንላታል። በሚመጣው ኤግዚቢሽንም ከፊቷ የሚቆመው ይህ ነው፦ «የሆርንቢ ፋብሪካ መጫወቻ፤ በሞላ የምትሄድ። አቀማመጧ 4-4-2። ስሟና ቍጥሯ የሮያል ስኮት ነው፤ ሮያል ስኮት ግን 4-6-0 ነበር። በትክክል የምትመስለው አንድ ሎኮሞቲቭ የለም። በጠባብ ሐዲድ ላይ እንድትዞር ተብላ እንዲህ ተሠራች።» የቀድሞውን ካርድ ያነበቡ ሁሉ ይህንንም ያነቡልን ዘንድ እንለምናለን።